የአይጦቹ ክትባትና የሹፌሩ ኪኒን

ጥቅምት 6 ቀን

ይድረስ ለውድ እህቴ፣ ለእትዬ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? መቀስሽም ምላስሽም እንደተሳሉ ናቸው ብዬ አምናለሁ። እኔ እግዜር ይመስገን፣ ናፍቆታችሁና አንድ አልለቅ ያለ ጉንፋን ካልሆነ በቀር ደህና ነኝ። ሹፌሩ ወንድምሽስ? የአንጀቱ ደም ቆመለት? ባለፈው የጻፍሽልኝ፣ አውቶቡሱን ሙሉ ሰው እንደጫነ ነዳጅ ማደያ ጋ አቁሞ እየሮጠ መጸዳጃ ቤት የገባበት ነገር ሳቄንም እንባዬንም አመጣው።

አባባስ እንዴት ናቸው? ደብዳቤ ይጻፉልኝ ብዬ መለመኑን ትቻለሁ። «ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር ወሬ ነው» እያሉ አሳድገውኝ፣ ለእኔ ሲሆን አንዲት መስመር ማስፈር ተራራ ሆነባቸው። ስልክም አያነሱም። ስለዚህ ይህንን እንደተለመደው ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። መነጽሬ ጠፋ ቢሉሽ እንዳታምኛቸው፣ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የምሠራበት የምርምር ተቋም ምድር ቤቱ የአይጦች ነው፤ የአይጦቹ ነገር ደግሞ በእኔ እጅ ነው። ሰዎቻችን አንጀታቸው የቆሰለ አይጦች አሏቸው። በሽታቸው ቁርጥ የሹፌሩ ነው፤ ያው ቁስለት፣ ያው ደም፣ ያው መመንመን። እነዚህ አይጦች ክትባት ተሰጣቸው። አባባ የሚያውቁት፣ በሽታ ሳይገባ በር የሚዘጋው ዓይነት አይደለም። ይሄኛው ከታመሙ በኋላ የሚሰጥ፣ የሚያድን ክትባት ነው። የሹፌሩን አንጀት የሚያቆስለው ከውጭ የመጣ ተባይ አይደለም። የገዛ ሰውነቱ ዘበኛ ሌባ የያዘ መስሎት የቤቱን ሰው እየደበደበ ነው። ክትባቱ ሰውነቱን ያንን ዱላ እንዲቀማ ያስተምረዋል።

ምን ልበልሽ እትዬ፣ አይጦቹ ዳኑ። ጠጉራቸው አብረቀረቀ፣ ሆዳቸው ሞላ፣ እርስ በርስ መናከስ ጀመሩ። ከአይጥ ወደ ሰው አንድ እርምጃ ነው። ለሹፌሩ ንገሪው፤ ቀኑ ቀርቧል፣ ከኪኒን ሊገላገል ነው። ለአባባም ንገሪልኝ፦ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ቤት ለቤት ዞረው ከከተቡ፣ ልጅዎም ዛሬ ክትባት ላይ ነው።

ሳቅ ከቤታችሁ አይጥፋ።

ወንድምሽ፣ «ዶክተሩ»


ኅዳር 11 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ፣ ለዶክተራችን፤

እንደምን ሰነበትክ? ጉንፋንህ ለቀቀህ? እኛ ደህና ነን፤ እኔም ልብስ ሰፊነቴ እንዳለ ነው። ትምህርት ቤት ከተከፈተ ስንት ጊዜው፣ ወላጆቹ ግን ልጃቸው ትናንት የረዘመ ይመስል ዩኒፎርም ሊያሰፉ አሁን ነው የሚመጡት። መጥተውም «ለነገ» ይላሉ። እግሬ ከመርገጫው ሳይነሳ ይመሻል።

ደብዳቤህን ለአባትህ፣ ለጋሼ አነበብኩላቸው። «የሚያድን ክትባት» የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ። «እሱን ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። ከዚያ ወረቀቱን ተቀብለውኝ ራሳቸው አነበቡት፤ መነጽራቸው እንዳልከው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ወረቀቱን አጥፈው ወንበር ላይ ወጥተው፣ ያንን ሰማያዊውን የክትባት ሳጥን ከቁም ሳጥኑ አናት አወረዱት። በረዶ የሚይዘውን፣ ልጆች ሆነን ስንቀመጥበት የሚቆጡንን። ጡረታ ሲወጡ ለመሥሪያ ቤቱ መመለስ ነበረባቸው፤ እንኳን ሊመልሱት፣ አቧራ እንዳይነካው ሲያለብሱት የኖሩት ነው። በሳሙና አጥበው ፀሐይ ላይ አሰጡት። «መንገድ ላይ የሞቀ ክትባት ውሃ ነው፤ ሲልከው በረዶውን እንዳይረሳ ጻፊለት» ብለውኛል። በሰፈሩ ላገኙት ሁሉ «ልጄ የሠራው ክትባት» እያሉ ያወራሉ። እንዲህ ሲያወሩ እኔ አይቼ አላውቅም።

ሹፌሩንም እንደ ደንቡ እያዘጋጁት ነው። እሱም እሺ ብሏል። እሳቸውን እምቢ የሚል ሰው በዚህ ቤት ገና አልተወለደም። ለጊዜው ደህና ነው፣ እየሠራም ነው። በሱ መስመር ላይ የማያውቀው መጸዳጃ ቤት የለም፤ የማደያው፣ የባንኩ፣ የቤት ዕቃ መደብሩ፣ የሁሉም ዘበኛ ወዳጁ ሆኗል። የእጅ ፍሬኑን ይስብና «አሁን መጣሁ» ብሎ ይወርዳል። ተሳፋሪዎቹ ስሙን «አሁን መጣሁ» ብለውታል። ሰው ሲስቅበት አብሮ ይስቃል፤ ቤት ሲገባ ግን ከማንም ጋር አያወራም።

እኔ ደግሞ አንተን አውቅሃለሁ። ልጅ ሆነህ የዶሮ እግር በጨርቄ እየጠቀለልክ «ዳነች» ትለን ነበር፤ ዶክተር ያልንህም በዚያ ነው። ዶሮዋ ግን ስታነክስ ኖራ ስታነክስ ሞተች። ስለዚህ ቁርጡን ንገረኝ። መቼ ነው የሚመጣው? በማን እጅ? ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ ጻፍልኝ።

ያለህበት አገር ይመችህ።

እህትህ


ጥር 20 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፤

እንደምን አላችሁ ሁላችሁም? መዘግየቴን በሥራ ብዛት ቁጠሪልኝ። እኔ ደህና ነኝ።

የሳጥኑን ነገር ሳነብ ልብስ ማጠቢያ ቤት ተቀምጬ የራሴን ልብስ ስጠብቅ ነበር። አጠገቤ ያሉት ሰዎች ምን ሆነ ብለው እስኪያዩኝ ድረስ ብቻዬን ሳቅኩ። ክዳኑ አሁንም ሲከፈት ይጮሃል? ማንገቻውን ቀይረውለታል ወይስ ያ የተቀደደው ነው? ደግሞ አንድ ነገር በደንብ ንገሪኝ። «ልጄ የሠራው» ብለው ነው ያሉት? በዚሁ ቃል? ለማን ለማን ነው ያሉት? በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ያሉትን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ጻፊልኝ።

መቼ ነው ላልሽው፣ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ጀምበር አይሆንም። አለቆቼ ከስብሰባ ስብሰባ ላይ ናቸው። የሚቀሩ አንዳንድ ነገሮች አሉ፣ ፈቃድ የሚባል ነገር አለ። «ቀርቧል» አልኩ እንጂ «ነገ» አላልኩም፤ አንቺም እንደ ዩኒፎርም ደንበኞችሽ ሆንሽብኝ እንዴ? በርቺ፣ ታገሺ። ለአባባ ሹራብ፣ ለሹፌሩ ደግሞ መቀመጫው ላይ የሚያደርገው ትራስ ልኬያለሁ፤ ረጅም ሰዓት ለሚቀመጥ ሰው ጥሩ ነው ብለውኛል።

ሰላማችሁ ይብዛ።

ወንድምሽ


የካቲት 14 ቀን

ለአጎቴ ልጅ፤

«ደህና ነን» ብዬ እንድጀምር እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለንም።

ሹፌሩ ወደቀ። ጠዋት ነው፣ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ቤት ዕቃ መደብሩ ጋ ሲደርስ ጥጉን ያዘ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ «አሁን መጣሁ» አለና ተነሳ። ደረጃው ላይ ተደፋ። ተሳፋሪው በመጀመሪያ ሳቀ፤ ሁልጊዜ የሚስቅበት ነገር ነውና ነው። ከዚያ ደሙን አዩ። የመደብሩ ዘበኛ ለሽያጭ የቆመ አዲስ ሶፋ ላይ አስተኝቶ ነው መኪና እስኪመጣ የጠበቀው። ሶፋው ተበላሸ፤ ዘበኛው ግን አንድ ቃል አልተናገረም።

አሁን ሆስፒታል ነን። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ቆጣ ትላለች። «ኪኒኑን ከመቼ ጀምሮ ነው ያቆመው?» አለችኝ። ከኅዳር ጀምሮ አልኳት። «ማን አቁም አለው?» አለች። እኛ ነን አልኳት። «ለምን?» አለች። የሚያድን ክትባት ሊመጣለት ስለሆነ አልኳት። «የምን ክትባት? የትኛው ሐኪም ነው ያዘዘው?» አለችኝ። ምን ልበላት? ውጭ አገር ያለ ዶክተራችን ልበላት? ዶሮ ያከም የነበረው ልበላት?  እሷም ከምትጽፍበት ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት ለአንተ ባደረገው።

ወንድሜ እጁ ላይ መርፌ ተሰክቶ፣ ፊቱ እንደ ገበር ጨርቅ ነጥቶ ተኝቷል። ክብደቱ ግማሹ የሄደ ይመስለኛል። ትራስህ ደርሷል። ሹራብህም ደርሷል። ሹራብ አላልኩህም፣ ትራስ አላልኩህም። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅኩህ፣ አሁንም እሱኑ እጠይቅሃለሁ። ክትባቱ አለ ወይስ የለም? «ስብሰባ» የምትል ቃል ጽፈህ ብትልክልኝ ወረቀቱን ለሌላ ደብዳቤ እንዳይሆን አድርጌ እቀደዋለሁ።

እህትህ


የካቲት 28 ቀን

ለእትዬ፤

ደብዳቤሽን አሁን አነበብኩት፤ ኮቴን ሳላወልቅ ቁሜ ነው የምጽፍልሽ።

ኪኒኑን አቆማችሁ? ከኅዳር ጀምሮ? ምን ነካሽ እትዬ? አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽ፤ የሰው ጨርቅ ሳትለኪ አትቆርጪም፤ የወንድምሽን መድኃኒት ግን ሳትጠይቂ ቆረጥሽ? ያ ኪኒን እኮ ነው እሳቱን አፍኖ የያዘው። እሱ ከተነሳ እሳቱ የት ይሄዳል? እኔ «ከኪኒን ሊገላገል ነው» አልኩ እንጂ መች ዛሬ ጣሉት አልኩ? በየትኛው መስመር ላይ ነው የጻፍኩት? አውጪና አሳዪኝ።

ክትባቱ አለ። አይጦቹ ላይ አለ። ለሰው ገና ነው። ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የሚያውቅ የለም፤ ጨርሶ ላይሆንም ይችላል። ይኸው ቁርጡ፣ ደስ ይበልሽ። ግን ነገ በበረዶ ታሽጎ የሚመጣ ቢሆን እንኳ ያንን ኪኒን የሚያስቆም ምን ነገር አለ? የሰፈር ወሬ ሰማሽ? ወይስ የዩኒፎርም ደንበኞችሽ መከሩሽ?

የሚገርመኝ ሌላ ነው። አባባ እዚያው አጠገባችሁ ተቀምጠው ይሄ ሁሉ ሲሆን የት ነበሩ? ዕድሜ ልካቸውን በጤና ሥራ የኖሩ ሰው ናቸው። ጠይቀሻቸው ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን እንኳ አይፈቅዱልሽም ነበር። እንደልማድሽ በራስሽ ፈጠንሽ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ አንቺ ያፈሰስሽው ግን የሚለቀም አይደለም።

ሐኪሟ የምትለውን ሁሉ አድርጉ። የሚሆነውን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


መጋቢት 13 ቀን

ለአጎቴ ልጅ፤

ስድብህ ደርሶኛል። ሁለቴ አነበብኩት፤ አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለሹፌሩ። እሱ ነው «በቃ ንገሪው» ያለኝ። እኔማ አባትህ ናቸውና ይቅር፣ ዕዳውን እኔ ልሸከመው ብዬ ነበር። አንተ ግን ዕዳውን ያሸከምከኝ አንሶህ ላዬ ላይ ወጥተህ ጨፈርክ።

እንግዲህ ስማ። አባባ የት ነበሩ አልክ? ኪኒኑን ያስቆሙት አባትህ ናቸው።

ያን ደብዳቤህን ባነበብኩ በማግስቱ ወደ ሱቄ መጡ። ያንን ካኪ የሥራ ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ጸጉራቸውን ተበጥረዋል። ሹፌሩ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ጥግ ተቀምጦ ነበር። «መድኃኒት ላይ ያለ ልጅ አይከተብም» አሉት። «በእኔ ዘመን ኪኒን እየወሰደ የመጣን ልጅ ጨርሰህ ና ብዬ እመልሰው ነበር። ይሄ የምትውጠው ደግሞ ሰውነትን የሚያደክም ነው። የደከመ ሰውነት ክትባት አይቀበልም። ልጄ የላከው ክትባት አንተ ላይ ሥራ ፈትቶ እንዲቀር አልፈልግም። ደምህ ይጽዳ።» እኔ «ኪኒኑን ያዘዘችለትን ሐኪም ብንጠይቅስ ጋሼ?» አልኩ። ምን አሉኝ መሰለህ? «ልጄ ከሷ አያንስም።» ልጄ ነው ያሉት። ቃል በቃል ያሉትን ጻፊልኝ ብለኸኝ አልነበር? ይኸው ሳልጨምር ሳልቀንስ።

ሹፌሩ ኪኒኑን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው። ምን ያድርግ? በልጅነቱ ክንዱን ይዘው የከተቡት እሳቸው፣ አባታችን ሲሞት ያሳደጉን እሳቸው። በየወሩ ከመድኃኒት ቤት የሚያመጣውንም እየተቀበሉ ያንን ሰማያዊ ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። «ክትባቱ ሲመጣ ይሄ ይወጣል፣ እሱ ይገባል» ይሉ ነበር። ለክፋቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም አልሆነ። እንዲያውም ደህና ነኝ ይል ነበር። ጋሼ በየቀኑ እየመጡ «አየሽ?» ይሉኛል። አየሁ። ከዚያ ያየሁትን አንተም አንብበኸዋል።

እኔ ደግሞ «እንደ ደንቡ እያዘጋጁት ነው» ብዬ ጽፌልህ ነበር። ወረቀቱ ካለህ አውጣና አንብበው። መዘጋጀት ማለት ምንድን ነው ብለህ አልጠየቅከኝም። የሳጥኑን ክዳን ጠየቅከኝ። የሳጥኑን ማንገቻ ጠየቅከኝ። አባትህ በየትኛው ቃል እንዳሞገሱህ ጠየቅከኝ። አይጥ አጣቢ ሆነህ መቅረትህን ስላልወደዱልህ፣ የምድር ቤት አይጥህን ክትባት አድርገህ ላክላቸው። እሳቸውም ደብዳቤ ጽፈው «ኮርቼብሃለሁ» ማለት ስላቃታቸው፣ የወንድሜን ኪኒን ሳጥን ውስጥ ቆለፉልህ። እናንተ አባትና ልጅ ፊት ለፊት መነጋገር አቅቷችሁ በወንድሜ ሆድ ተነጋገራችሁ። ወጪውን የከፈለው እሱ ነው።

ሐኪሟ ያላትን መድኃኒት ሁሉ ሞክራለች። አልያዘለትም። ከእንግዲህ መጠበቅ መግደል ነው ብላናለች፤ ትልቁ አንጀቱ ተቆርጦ ይወጣል። ሆዱ ላይ ቀዳዳ ይደረጋል፣ ቀዳዳው ላይ ከረጢት ይለጠፋል፣ ዕድሜ ልኩን። ሲነግሩት ጣሪያውን እያየ «መንዳት እችላለሁ?» ነው ያለው። እችላለሁ ወይ ብቻ። ትችላለህ አሉት። ፈረመ። እኔ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን በቡጢ መታሁት። እጄ አብጦ አሁን ይህን ስጽፍም ያመኛል።

አባትህ ሆስፒታሉ በር ድረስ ይመጣሉ፣ አይገቡም። አንድም ቃል አልተናገሩም። ስለ መቁረጥ አስተማርከኝ አይደል? ሳልለካ አልቆርጥም፣ እውነት ነው። ያልለካኸው አንተ ነህ።

እህትህ


ግንቦት 30 ቀን

ለእትዬ፤

ስንት ጊዜ ጀምሬ ስንት ጊዜ እንደቀደድኩ አላውቅም። ሹፌሩ ከቀዶ ጥገናው በሰላም መውጣቱን ከሌላ ሰው ሰምቻለሁ። ከአንቺ እጅ ለመስማት አፍ አልነበረኝም።

የጻፍሽው ሁሉ ልክ ነው። አይጦቹም ሁሉም አልዳኑም። ከዳኑት ውስጥ በሽታው የተመለሰባቸው ነበሩ። እኔ የነገርኩሽ የወፈሩትን ብቻ ነው። ክትባቱን የሠሩት ሰዎች አራተኛ ፎቅ ናቸው፤ እኔ የአይጦቹን ቤት አጥባለሁ፣ መኝታቸውን እቀይራለሁ፣ እመዝናቸዋለሁ። ይህን ያህል ነኝ።

ለአባባ ጽፌላቸዋለሁ። ልጅ ለአባቱ የማይጽፈውን ነው የጻፍኩት። «የሚያውቁት ክትባት ሌላ፣ ይሄ ሌላ፤ የማያውቁትን ለምን ነኩት?» አልኳቸው። አልመለሱልኝም። አንቺም ቤትሽ እንዳታስገቢያቸው። ሹፌሩ አጠገብም እንዳይደርሱ። ሹራቤን ከላያቸው አውልቂና መልሽልኝ። በሳቸው ነገር እዚህ ከሰው ጋ መጣላት ጀምሬያለሁ፤ ባለፈው አንዱ የሥራ ባልደረባዬ አባቱ ስለላከለት ደብዳቤ ሲያወራ ተነስቼ ጥዬው ሄድኩ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጻፍልሽ ወይስ ልተወው ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። ፈቃዱ መጥቷል። ክትባቱ በጥቂት ፈቃደኛ ሰዎች ላይ ሊሞከር ነው፣ የሹፌሩ ዓይነት በሽታ ባለባቸው። አራተኛ ፎቅ ኬክ ቆርሰው እኛንም ጠሩን። አለቃዬ አሠራሩን ስታስረዳን ሰማሁ፦ ፈቃደኞቹ ኪኒናቸውን እየወሰዱ ነው የሚከተቡት። አንዱንም አያቆሙም። ለአንድ ቀን እንኳ ማቆም አያስፈልግም ነበር እትዬ። ኬኩን ሳልበላ ወርጄ የአይጦቹ ማጠቢያ ክፍል ገባሁና ማሽኑን ከፈትኩት፤ ሲሠራ ድምፁ ትልቅ ነው፣ ሰው አይሰማም።

ለሹፌሩ ምን ብዬ ሰላም እንደምለው አላውቅም። አንቺ እወቂበት።

ወንድምሽ


ነሐሴ 9 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ፤

እንደምን አለህ? ስለ ጤናህ የምጠይቅህ ለደንብ አይደለም፤ ተናድጄብህም ጤናህን እፈልገዋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እጄ ድኗል።

ሹፌሩ ሥራ ጀምሯል። በመጀመሪያ ከረጢቱን ማየት አይፈልግም ነበር፤ ስቀይርለት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ሱሪው ከረጢቱን እንዳይጫን ወገቡን ፈትቼ ከፍ አድርጌ ሰፋሁለት፣ ሸሚዙንም ከታች ሰፋ አደረግኩለት። ሲለብሰው ምንም አይታይም። «አሁን ይሄን ለሰው ንገሪና ገበያ ይምጣልሽ» አለኝ። ያን ቀን ነው የሚኖር መሆኑን ያወቅኩት። አሁን ማደያው ጋ አያቆምም፣ ባንኩ ጋም አያቆምም። መደብሩ ጋ ሲያልፍ ለዘበኛው ክላክስ ያደርግለታል። «አሁን መጣሁ» የሚለው ስም ግን አልለቀቀውም፤ ስም እንደ ዘይት እድፍ ነው።

አባትህን አታስገቢ አልከኝ። አንተ ማነህ ደጄን የምትዘጋው? ውጭ አገር ተቀምጦ በር መዝጋት ቀላል ነው። እኔም ሳላባርራቸው የቀረሁ እንዳይመስልህ። ሹፌሩ ከሆስፒታል በወጣ ሰሞን ሱቄ ደጃፍ መጥተው ሲቆሙ፣ ቀና ብዬ «ደግሞ ምን ሊያስቆሙን ነው የመጡት?» አልኳቸው። ለአንድ ትልቅ ሰው እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም።  ያንን ሰማያዊ ሳጥን መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት፣ ቁልፉን ከላዩ ላይ አደረጉና ሄዱ። ከፈትኩት። ኪኒኖቹ የሉም፣ ታጥቧል፣ ደርቋል። ልወረውረው አንስቼው ነበር። ሹፌሩ ነው «ተይው፣ ይሆነኛል» ብሎ የተቀበለኝ።

አሁን መቀመጫው ሥር ነው ያለው። መለወጫ ከረጢቶቹን፣ ሳሙናውን፣ ጨርቁን በሱ ይዞ ነው የሚዞረው፤ ክዳኑ ሲከፈት አሁንም ይጮሃል፣ ጠይቀኸኝ ነበር። ተሳፋሪዎቹ ምሳው ይመስላቸዋል። ጋሼም በየጠዋቱ በመጀመሪያው ጉዞ ይሳፈራሉ። ከሱ ጀርባ ያለችው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ይሄዳሉ፣ አብረው ይመለሳሉ፣ ይወርዳሉ። እሱም አይጠይቃቸውም፣ እሳቸውም አይናገሩም። ሹራብህን ለብሰውት ነው የሚሄዱት። እኔ ማውለቅ አልችልም፤ ከፈለግክ መጥተህ አውልቅ።

ይቅር አላልኩም። እሳቸውንም አንተንም። አንድ ቀን እል ይሆናል፤ ዛሬ ግን አላልኩም፣ ብያለሁ ብዬም አልዋሽህም።

ያለፈውን ደብዳቤህን ትናንት ለሁለቱም አነበብኩላቸው። ሱቅ ውስጥ ነበርን፤ ሹፌሩ ከሥራ ተመልሶ፣ ጋሼ ደግሞ ደጃፉ ላይ ያለችው በርጩማ ላይ። ስለ እሳቸው የጻፍከውን አልዘለልኩም። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት። «ፈቃደኞቹ ኪኒናቸውን እየወሰዱ ነው የሚከተቡት» የሚለው ላይ ስደርስ ልተወው አሰብኩና ንዴቴ አሸነፈኝ፤ እሳቸውን እያየሁ ቃል በቃል አነበብኩት። በዚያ ጊዜ እንዳደረጉት እጃቸውን አንስተው «ድገሚው» አላሉኝም።

 ሹፌሩ «እንዲህ ብለሽ ጻፊለት» አለኝ። ያለውን ልጻፍልህ፦ «ክትባቱ ቢመጣ ለእኔ አይሆንም፤ የሚድን አንጀት አልቀረኝም። ለሌላው ሰው ግን ይድረስ። ለአራተኛ ፎቅ ሰዎች ንገራቸው። ወደ ሰው ሲልኩት ሳጥኑ ላይ ኪኒንህን እንዳታቆም ብለው ይጻፉበት።»

ብዕሬን ላነሳ ስል ጋሼ መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ከሆስፒታሉ ጊዜ ወዲህ ድምፃቸውን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«በትልቁ ይጻፉት» አሉ።

እህትህ